ደም ግባት የቁንጅና ሌላ ስሙ አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የእንግዳ ተቀባይ ሥራ ማስታወቂያ ላይ፣ ከትምህርት ደረጃና ከሥራ ልምድ ቀጥሎ «ደም ግባት ያላት» የሚል መስፈርት ሰፍሮ አነበብሁ። አመልካቿ ጉርድ ፎቶግራፍ እንድታያይዝም ታዛለች። ሥራው ለሴት ብቻ መሆኑ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እኔን የቆረቆረኝ ግን ቃሉ ነው።

ቁንጅና ዓይን፣ ጥርስ፣ ቁመና እየተባለ ይዘረዘራል። ደም ግባትን ዘርዝሩ ብንባል «እንጃ፣ ብቻ ስታያት ደስ ትላለች» ከማለት አናልፍም። አያቴ የሰርግ ፎቶግራፍ ስታገላብጥ ሙሽራዋ ላይ ጣቷን አሳርፋ «መልክስ አላት፤ ደም ግባት ነሥቷት እንጂ» ካለች በኋላ፣ ጥርሷ ገጠጥ ወዳለው ሚዜ ጣቷን አሻግራ «ይህቺ ደመ ግቡ የማን ልጅ ናት?» ብላ ነበር የጠየቀችው።

አማርኛ የሰውን ጠባይ ደሙ ውስጥ ማስቀመጥ ይወዳል፤ የተቆጣ ሰው ደሙ ይፈላል፣ በደል ሳይገኝበት የሚጠላ ሰው ደግሞ ደመ መራራ ይባላል። የደመ ግቡ ተቃራኒም ይኸው ደመ መራራ ነው እንጂ መልከ ጥፉ አይደለም። መልከ ጥፉ ሆኖ ደመ ግቡ የሆነ፣ ቆንጆ ሆኖም ደሙ የመረረ ሰው በየቤታችን አለ።

በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ኢሳይያስ 53፥2 «መልክና ውበት የለውም፥ ባየነውም ጊዜ እንወድደው ዘንድ ደም ግባት የለውም» ይላል። ተርጓሚዎቹ መልክንና ውበትን ከጠሩ በኋላ ደም ግባትን ለብቻው አምጥተው «ባየነው ጊዜ እንወድደው ዘንድ» በሚለው ሐረግ ትርጉሙን አብረው ሰጥተውናል፤ ደም ግባት በሚታየውና በሚያየው ሰው መካከል የሚሆን ነገር ነው ማለት ነው። የተነገረውም ስለ ወንድ ነው። ምሳሌ 31፥30 ውበትን ሐሰት፣ ደም ግባትን ከንቱ ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን ይነቅፋል፤ የዕብራይስጥ ግጥም ግን አንዱን ሐሳብ በሁለት ቃል መድገም ስለሚወድ፣ ይህን ለእኔም ሆነ ለተቃራኒዬ ማስረጃ አላደርገውም።

አሠሪው የፈለገው እንግዳ ሲገባ ፊቱን የሚያበራ ሰው ከሆነ፣ ወንዱንም ሴቱንም ጠርቶ ሩብ ሰዓት ያነጋግር። የፈለገው ጉርድ ፎቶግራፉን ከሆነ ግን «ቆንጆ» ብሎ ይጻፍና ነውሩን በስሙ ይጥራው።