ሦስት ልጆች፣ አንድ መጽሐፍ

«ልጆችን በደረቅ መማሪያ ሳይሆን ሕያው በሆኑ መጻሕፍት ቤት ውስጥ ማስተማር ይቻላል» የሚለውን ጽሑፋችሁን ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። እውነት ነው፣ አይቼዋለሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሦስቱም ልጆቼ ቤት ዋሉ። ትንሿ 1ኛ፣ መካከለኛው 4ኛ፣ ትልቁ 7ኛ ክፍል ነበሩ። መማሪያውን ስንገልጥ ያዛጋሉ። ማታ ማታ ከሰል ዳር ተሰብስበን የሸዋን ታሪክ ማንበብ ስንጀምር ግን እንቅልፍ ጠፋ!

መጽሐፉ ለሦስቱም አንድ ነው። የሚለየው ከንባቡ በኋላ ያለው ነው። ትንሿ የሰማችውን በራሷ አፍ ትተርካለች፤ መካከለኛው ይሥላል፤ ትልቁ አንድ ገጽ ይጽፋል። ምኒልክ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን አንጎለላ መሆኑን ትልቁ ሲሰማ «እንሂድ» እያለ ነዘነዘኝ።

ሒሳብ ግን በተረት አይሆንም፤ ደብተርና ልምምድ ይፈልጋል። ለ8ኛ ክፍል ፈተናም መማሪያው የግድ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ የቤተ መጻሕፍት ነገር ነው። በኋላ ስንሄድ «እዚሁ አንብቡ እንጂ ወደ ቤት አይወጣም» ተባልን። እባካችሁ፣ የልጆች መጽሐፍ እንኳ ለአንድ ሳምንት በውሰት ይሰጠን። መታወቂያ አስይዘን እንወስዳለን።