አያቷ በየፋሲካው ይሞታሉ

ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ነኝ። የአቴንዳንስ መዝገቡ ያለው እኔ ጋ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ይሄ መዝገብ ይከብደኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስቅለት ሁሌ ዓርብ ነው፣ ፋሲካ ሁሌ እሑድ። ሁለቱም ሥራ የለም። መሀል ላይ ያለችው ቅዳሜ ሹር ግን ለፋብሪካው ተራ ቅዳሜ ናት፤ እኛ ደግሞ በሳምንት ስድስት ቀን ነው የምንሠራው። ቄሶቹ «ገብረ ሰላመ» እያሉ ቄጤማ ይዘው ሲዞሩ፣ ዶሮና በግ ገበያው ሲደራ፣ የኛ ልጆች ማሽን ላይ ናቸው። ሰኞም ሥራ ነው። ቤተሰቧ ወላይታ ሶዶ ያለ ልጅ ምን ታድርግ? መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የበዓል ሰሞን የመናኸሪያ ሰልፍ ሳይቆጠር።

ስለዚህ ትቀራለች። ፋብሪካውም መልሱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፏል፦ ከበዓል በፊት ወይም በኋላ የቀረ ሰው የበዓሉም ቀን ክፍያ ይቆረጥበታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በወር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ በሕዝብ በዓል ቀን ስላልሠራ ደመወዙ አይቀነስም ይላል። ቅዳሜ ከቀረች የቅዳሜውን ቁረጡ። ዓርብ ምን አጠፋ?

ደግሞ ቅጣቱ ቀሪውን አልቀነሰም፤ ውሸቱን ነው ያበዛው። አዋጁ የቅርብ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከነክፍያው ይፈቅዳል። እናም ፋሲካ ሲመጣ አያቶች እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። የሐኪም ወረቀቱም ይጎርፋል። አንዷ ልጅ አያቷን በተከታታይ ሁለት ፋሲካ ቀብራለች። እኔም እያወቅኩ ፈርሜያለሁ።

የዓመት ፈቃድ እያለ ለምን ይዋሻል? ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ቅዳሜና ሰኞ ከዚያ ላይ ይታሰብ። ቢሮው ግን «በበዓል ሰሞን ፈቃድ የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ ውጡ ይላል።

ሁሉም ባንዴ ከወጣ መስመሩ ይቆማል፣ አልክድም። ዕቃ የሚጫንበት ቀን አይጠብቅም። ግን ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ባዶ ወንበር ከመቁጠር፣ ማን እንደሚወጣ ከወር በፊት ተመዝግቦ ቢታወቅ አይሻልም? ሙስሊም የሥራ ባልደረባችን ራሷ መጥታ «ጋሼ፣ የፋሲካውን ቅዳሜ እኔ እሸፍናለሁ፤ ለኢድ ግን እንዳያስቀሩኝ» ብላኛለች። ኢድ ጨረቃ ታይቶ ስለሆነ በአንድ ቀን ሊገፋ ይችላል። እሱንም ሁለት ቀን ክፍት አድርጎ መያዝ ነው፣ ምን ይከብዳል? ይህን ለሰው ሀብት ሳነሳ «እንዲህ ያለ አሠራር የለንም» ተባልኩ። አሠራር እኮ ከሰማይ አይወርድም፤ ያንን የቅጣት ማስታወቂያም ሰው ነው የጻፈው።

ባለፈው ፋሲካ ያቺ «ሐዘንተኛ» ልጅ ረቡዕ ዕለት ተመለሰች። በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ዳጣ ይዛልኛለች።

«ጋሼ፣ አያቴ ናት የላከችልዎ።»

ወዲያው ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ዳጣውን ተቀብዬ መዝገቡን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።