ወርቅ የሌለው ሰም

ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ የብስክሌቴ ካቴና ወለቀ። ድልድዩ 380 ሜትር ነው ይላሉ። ብስክሌት ለሚገፋ ሰው ግን ይረዝማል። ማዶ ዛፍ ሥር ለተቀመጠ ሠሪ ሰጠሁት። “ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ ላይ ሰም ተጋግሯል፣ እሱን ብቻ ፋቅልኝ” አልኩት። “አይዞህ ወንድም ዓለም” አለኝና የተቃጠለ የሞተር ዘይት አንቆረቆረበት። ሰሙ ላይ። ከነአቧራው።

“በቃ፣ ቅቤ ሆነ!”

ቅቤስ ሆኗል። የሱሪዬ ቀኝ እግር ምስክር ነው።

የእናንተም ቀኝ እግር ያውቀዋል። እዚህ ከተማ ብስክሌት የሚነዳ ሰው በሱሪው ይለያል፤ ቀኙ ወይ ተጠቅልሏል ወይ ጠቁሯል። ነጠላ ለብሳ ከኋላ የተቀመጠች እህት ደግሞ ለሸማኔ ሳትከፍል ጥቁር ጥለት ታገኛለች።

እና ዛሬ ላወድስ ተነስቻለሁ። ከሥር ያለውን ሳይነኩ በላዩ ላይ የሚቀቡትን ጀግኖች። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ቀለም ይጨምራሉ። ሪፖርቱ ሲበላሽ ገጽ ይጨምራሉ። ካቴናው ሲንጫረር ዘይት ይጨምራሉ። መቀነስ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

የዚህ ሙያ ሊቅ ጎረቤቴ ናቸው። ብስክሌታቸውን ከገዙ ጀምሮ አጥበውት አያውቁም። “ካቴናውን የያዘው ቆሻሻው ነው” ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ሻማ ይለኩሳሉ፤ መብራቱ እስኪመጣ ሻማውን ጋደም አድርገው ጥርሱ ላይ ያንጠባጥባሉ። በአንድ ሻማ ሁለት ሥራ። በማግስቱ ሰሙ አይበቃም ብለው የምግብ ዘይት ይጨምሩበታል። ዘይት ሲወደድ ግሪስ። ግሪስ ሲያልቅ ከበዓል የተረፈ ቅቤ። የኋላው ጥርስ አሁን ጥርስ አይደለም፣ ድድ ነው። አንድ ቀን በሚስማር ጫር አደረግሁት። ከላይ የኮብልስቶን አቧራ። ከአቧራው ሥር የዶሮ ላባ። ከላባው ሥር የፋሲካ ቄጤማ። ከቄጤማው ሥር የባጃጅ ብሎን፤ የማን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። ሳልጨርስ እጄን ያዙኝ። “ተው አንተ ልጅ፣ ታሪክ ነው!” ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጤፍ በቀለበት። በጠዋት እየተነሱ ያርሙታል። ማረሙን ያርሙታል እንጂ አያጥቡትም። የማዳበሪያውን ነገር እያሰቡበት ነው። ኅዳር ላይ ለአጨዳው ደቦ ጠርተውኛል፤ ጠላው ከወዲሁ ተጠንስሷል አሉ።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ሰሙን ገፎ ወርቁን ማየት ያስተማረ አገር፣ ሰሙን ከብስክሌት ጥርስ ላይ መግፈፍ አቃተው።

ነገሩ ከባድ ቢሆን አላሽሟጥጥም ነበር። ሻማ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይተርፈዋል። ጥርሱን ፈትቶ አሮጌ ባልዲ ውስጥ መክተት፣ የፈላ ውሃ ማፍሰስ፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ፈተግ ማድረግ፣ ሳይዝግ ማድረቅ። አለቀ። የጎማው እምብርት ላይ ብቻ አታፍሱበት፤ የኩሽኔታውን ግሪስ ያጥበዋል። ሰም የሚመረጠው ደረቅ ስለሆነ ነው፤ እንደ ዘይት አቧራ አይጠራም። ንጹሕ ብረት ላይ ሲሆን ይይዛል። ዘይት ሲደፉበት ግን ሰምም ዘይትም መሆኑ ይቀርና ጥቁር ሊጥ ይሆናል፤ አሸዋ ያለበት ሊጥ። ካቴናችሁን በየቀኑ በሞረድ እንደመሞረድ ነው።

የሚያጥቡም አሉ እኮ። እነሱ ይብሳሉ። በናፍጣ ያጥቡና ጥቁሩን እጣቢ ቦይ ውስጥ ይደፉታል። ቦዩስ የት ይሄዳል? ጣና። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ እንቦጭ በእጁ ሲነቅል አይተናል። እናንተ ደግሞ ከላይ ናፍጣ ትለቁበታላችሁ። ማታ ዓሣ ቤት ተቀምጣችሁ “ዛሬ ዓሣው ምን ሆነ?” የምትሉትም እናንተው ናችሁ። አንድ ጣሳ እጣቢ በጀሪካን ማጠራቀም ይህን ያህል ከበደ? ነውር ነው። ነውር!

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ።

እሁድ ጠዋት ማንቆርቆሪያዬን ጥጄ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። ሰሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ዙር የፈላ ውሃ ይበቃ ነበር። የዚያ ባለሙያ ዘይት ስላለበት በሳሙና ሦስት ዙር ፈጀብኝ። በመጨረሻ ከጥርሶቹ መሐል ብረት ብቅ አለ። የሚያብለጨልጭ ብረት! ቀለሙን ረስቼው ነበር። ባልዲው ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ተንሳፍፎ እንደ ስልባቦት ረጋ፤ ጥቁር ስልባቦት። ቦዩን እንዳይደፍን በማንኪያ ሰብስቤ ላስቲክ ውስጥ ልጨምረው ስል፣ ጎረቤቴ የቡና ሲኒያቸውን እንደያዙ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ።

“አንተ ልጅ፣ እሱን ልትጥለው ነው?”

“አዎ ጋሼ።”

“አምጣው እስቲ። ጤፉ ሥሩ ተራቁቶብኛል።”