የልጅ ውፍረት በዓይን አይለካም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ቀጠን ያለ ልጅ ይዛችሁ ብትወጡ ጎረቤት "ምነው፣ አይበላም እንዴ?" ይላችኋል። ድብልብል ያለ ከሆነ ግን "ተመችቶታል፣ ከዓይን ያውጣው!" ነው። በዓይን ሁለተኛው ልጅ ጤነኛ ነው።

ጤና ተቋሞቻችንም ዓይናቸው ቀጭኑ ላይ ነው። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያለበትን የክንድ መለኪያ ታውቁታላችሁ። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ሕፃን ነው። ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ብዙ ሕፃናትን አትርፏል፣ ዛሬም ያስፈልጋል። ለውፍረት ግን ቀለም የለውም። ዩኒሴፍ እንደ አውሮፓውያኑ በ2025 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ደረጃ ከ5 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከክብደት ማነስ በልጧል።

ታክሲ ተራው ጋ ሚዛን ዘርግተው የሚመዝኑ ልጆች አሉ። 10 ዓመት የሞላው ልጃችሁ ወጥቶበት 43 ኪሎ አለ እንበል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ40 ነው። ኪሎውን ለቁመቱ ስኩዌር ስታካፍሉት 22 ገደማ ይመጣል፣ ቢኤምአይ የሚባለው ይኸው ነው። በአዋቂ ሰንጠረዥ ከ18.5 እስከ 25 ድረስ ጤናማ ስለሆነ "እሰይ" ትላላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያኑ በ2007 ለልጆች ባወጣው ሰንጠረዥ ግን ለ10 ዓመት ወንድ ልጅ ከ21.4 ካለፈ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው። ልጆች እያደጉ ስለሆነ ቁጥሩ በዕድሜና በፆታ ይለያያል። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን የአዋቂ ማስያ ለልጅ አትጠቀሙ።

ቢኤምአይም ቢሆን ስብን ከጡንቻ አይለይም። ለዚህ ነው ወገብም ይለካ የሚባለው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከመጨረሻው ጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሀል ላይ፣ ልጁ ትንፋሹን ሲያወጣ ይለካል፤ ሆድ መሳብ የለም። ወገቡ የቁመቱን ግማሽ፣ ለዚህ ልጅ 70 ሴንቲሜትር፣ ከደረሰ ሐኪም ይየው። ሜትሩ በሽታ አይመረምርም፣ ማን መታየት እንዳለበት ነው የሚጠቁመው።

ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ መጀመሪያ ኪሎ፣ ቁመትና ወገብ ሦስቱንም ቢለኩ ወጪው ሚዛንና ሜትር ብቻ ነው። ግን በር ተዘግቶ፣ አንድ በአንድ ይሁን። ውጤቱም ለወላጅ ብቻ ይሰጥ። ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ከተነበበማ ልጁ እስከ ሰኔ "ዱባው" ተብሎ ነው የሚጠራው።