እጃችን የረሳው ፊደል

አክስቴ ባረፉ ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን የማዘጋጀቱ ሥራ ለእህቴ ልጅ ተሰጠ። ዩኒቨርሲቲ የምትማር ጎበዝ ልጅ ናት። ሌሊቱን ከዘመድ አዝማድ ጋር ተቀምጣ የትውልዳቸውን ቦታ፣ የትዳራቸውን ዘመን፣ የልጆቻቸውን ነገር እየጠየቀች ሁሉንም በስልኳ ላይ አሰፈረችው። ጠዋት የእድሩ ጸሐፊ ከቀብር በፊት የሚያነቡትን ጽሑፍ ሲጠይቁ ስልኩን ሰጠቻቸው። ቋንቋው ጥርት ያለ አማርኛ ነበር፤ የተጻፈው ግን በላቲን ፊደል ነው። የእድሩን መዝገብ ለብዙ ዓመታት በእጃቸው ሲሞሉ የኖሩት ሰው መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት መስመር ያህል ሞከሩና፣ «ልጄ፣ ይህን እኔ አልችለውም፤ በፊደላችን ገልብጪልኝ» አሏት።

ወረቀትና እስክርቢቶ ቀረበላት፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጫለሁ። «ወደ አዲስ አበባ መጡ» የሚለውን ያለ ችግር ጻፈች። «ከዚያ በኋላ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። መጀመሪያ «ሗ» ጽፋ ሰረዘችው፤ ቀጥላ «ሁዋ» ብላ እሱንም ሰረዘች፤ በመጨረሻ ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ ለጓደኞቿ እንደምትልክ እሷም አትቆጥረውም፤ መጽሐፍ ላይ ስታገኘውም ሳትደናቀፍ ታነበዋለች። እጇ ግን ፊደሉን አያውቀውም።

ስለ እጅ ጽሑፍ መበላሸት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የውበቱ ጉዳይ ነው። እንደ ድሮው የሚያምር ጽሕፈት ያለው ሰው ጠፋ ይባላል፤ እውነትም ነው። እኔን ከውበቱ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን በዓይኑ የሚለየውን ፊደል በእጁ መሥራት የሚያቅተው ሰው በየቤቱ እየበዛ መምጣቱ ነው።

ለዚህ ወጣቶቹን ብቻ መውቀስ ግፍ ይሆናል። የሞባይል አጭር መልእክት ሲሠራ አንዱ መልእክት 140 ባይት (ባይት የመረጃ መለኪያ ነው) ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ነበር። በዚህ መጠን ውስጥ በላቲን ሲጻፍ አንዱ ሆሄ ከ1 ባይት ያነሰ ቦታ ስለሚወስድ 160 ሆሄያት ይገባሉ፤ የእኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 2 ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይገባል። እርግጥ አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ በ70 ፊደል የሚባለው ነገር ከቁጥሩ ይበልጣል። ዋናው እንቅፋት ስልኩ ራሱ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችና ስልኮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት በእጃችን የነበሩት ርካሽ ስልኮች አማርኛ ሲላክላቸው ባዶ ሳጥን ከመደርደር በቀር የሚያሳዩት ነገር አልነበራቸውም። በገዛ ቋንቋው ሊጽፍ የፈለገ ሁሉ በሰው ፊደል ጻፈ። ዛሬ ያ ችግር በአብዛኛው ተወግዷል፤ ልማዱ ግን ከስልክ ወደ ስልክ አብሮን ተሻግሯል። «ውድ ደንበኛችን» ብለው በላቲን ፊደል አማርኛ የሚልኩልን ድርጅቶች እስከ ዛሬ መኖራቸው በጣም ያሳዝነኛል።

በዚህ አጻጻፍ የምናጣው ነገር ቀላል አይደለም። ሰው እንደ ልማዱ በላቲን ሲጽፍ ጠ ከተ፣ ቀ ከከ፣ ጨ ከቸ አይለይም፤ ስለዚህ «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ፤ «ጠራ» እና «ተራ»ም እንዲሁ። አንባቢው ከዐውዱ ይገምታል። ግምት ለቀጠሮና ለቀልድ ይበቃ ይሆናል፤ ለሟች የሕይወት ታሪክ ግን አይበቃም።

በኮምፒውተር በፊደላችን ስንጽፍም ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም። የተለመዱት መጻፊያዎች የተሠሩት በእንግሊዝኛው ገበታ ላይ በመሆኑ «ቡ»ን ለማግኘት አንዱን ቁልፍ ለተነባቢው፣ ሌላውን ለአናባቢው እንነካለን። ፊደል የቆጠረ ልጅ ግን «በ»ን ሲማር ካዕቡ ከወገቡ፣ ሣልሱ ከእግሩ ቅጥል እንደሚያወጣ በእጁ እየሳለ ነው የሚይዘው። ቅጥሉን ስሎ የማያውቅ ጣት የፊደሉን መልክ ከየት ያመጣዋል? በሥርዓተ ነጥቡም ላይ ይኸው ይታያል፤ አራት ነጥብን (።) ትተን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ (፡፡) የምንመታ ብዙዎች ነን። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይ ይሆናል፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም ለሰው አንድ ሆነው ሳለ በፍለጋ ጊዜ እንደ ሁለት ቃል የሚቆጠሩበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

የድምፅ መልእክትን አልቃወምም። ቤይሩት ወይም ጅዳ ያለች ልጇን ድምፅ በየማታው ለምትሰማ፣ ማንበብ ለማትችል እናት ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ድሮ ደብዳቤ ሲመጣላት የጎረቤት ተማሪ ነበር የሚያነብላት፤ የቤቷንም ምስጢር አብሮ ይሰማ ነበር። ሆኖም «ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ የሚጀምረው ደብዳቤ፣ ጸሐፊው ቁጭ ብሎ የሚለውን አስቦ፣ ቃሉን መርጦ የሚጽፈው ነበር። ማንበብና መጻፍ የምንችለው ሰዎች ድምፅ መላኩ ስለቀለለን ብቻ ይህን ልምምድ ከቤታችን ስናስወጣው ልጆቻችን የሚያዩት አርአያ ያጣሉ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች መገልበጥና የቃል ጽሕፈት በየሳምንቱ ይሰጥ፤ እነ ኋ፣ ጐ፣ ኰ እና ቧ ከገበታው ግርጌ ተረስተው እንዳይቀሩ መምህሩ ልጆቹን በእጃቸው ያስጽፋቸው። ለደንበኞቻቸው በአማርኛ የሚጽፉ ድርጅቶች በፊደሉ ይጻፉ። ቤተሰብም በስልኩ ላይ የአማርኛውን ገበታ ይክፈት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ከዚያ ቀብር ወዲህ በእድራችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ማስታወቂያ ሁሉ በፊደል ብቻ እንዲጻፍ ጠይቄ አባላቱ ተስማምተውልኛል። መጀመሪያ ላይ የቸኮሉ ሰዎች ወደ ላቲኑ ይመለሱ ነበር፤ አሁን ቀርቷል። ጸሐፊያችንም የልጅ ልጃቸው የሰጣቸውን ስልክ ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው፣ የማን ቤት ለቅሶ እንዳለና ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ራሳቸው ያነባሉ።