ስንት ኪሎ ትጭናለህ ብሎ የጠየቀኝ የለም

ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዴ ይዤው ቆየሁ። ዛሬ ልናገረው ነው።

የአባቴ ላንድክሩዘር አለች። ኤፍጄ 40፣ እ.ኤ.አ. የ1974 ሞዴል። አባቴ ካረፈ በኋላ እኔ ጋ ቀረች። ባለ 3.9 ሊትር የቤንዚን ሞተር ናት። አራቱም እግሯ ባሌስትራ (ተደራርቦ የታሰረ የብረት ቅጠል)፣ አራቱም ፍሬኗ ከበሮ ነው። መሪዋ በክንድ ጉልበት ብቻ ነው የሚዞረው። ከሳምንቱ ስድስቱን ቀን አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ናት። ጠዋት ሥራ፣ ማታ ቤት፣ እሁድ እናቴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ወደ አባቴ አገር፣ ወደ መንዝ፣ ፒስታ እንወጣለን። ሥራዋ ይኸው ነው።

ባሌስትራዋ ስንት ዘመን እህል ተሸክሞ ደክሞ ነበር። በሾፌሩ በኩል ዘንበል ብላለች። ጉብታ ባለፍኩ ቁጥር ከታች ብረት ከብረት ይጋጫል። መቀየር ነበረበት፣ በዚህ ማንም አይከራከረኝም።

ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሰፈር ሄድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ገና ሰላም ሳልለው "ባለ ስንት ኢንች ልስጥህ?" አለኝ። ሁለተኛው ሱቅ ያው። ሦስተኛውም ያው። መኪናዋ የት እንደምትሄድ የጠየቀ የለም። ስንት ሰው እንደምትጭን የጠየቀ የለም። ፊት ለፊቷ ላይ ዊንች (የመጎተቻ ገመድ መጠቅለያ) አለ ወይ፣ ከባድ የብረት መከላከያ አለ ወይ፣ ማንም አላለኝም። ሁሉም የሚሸጠው ከፍታ ነው። "ብራዘር፣ ባለ አራቱን ውሰድ፣ ግርማ ሞገስ ይኖራታል" አሉኝ። ወሰድኩ።

ያ ባሌስትራ የተሠራው ሁልጊዜ ጭነት ለሚሸከም መኪና እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አልገዛውም ነበር። የኔ መኪና ባዶዋን አንድ ቶን ተኩል ገደማ ናት። ዊንች የላትም። አብዛኛውን ጊዜ የምትጭነው እኔንና አንድ ቦርሳ ነው። አዲሱ ባሌስትራ እኔን አልቆጠረኝም። ምንም አይታጠፍም። ኮብልስቶን ላይ ጥርሴ እስኪጋጭ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ የእናቴ ነው። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። አባቴ እያለ ያቺን መኪና ብቻዋን ትወጣ ነበር። አሁን እሁድ እሁድ ከበሩ ስር በርጩማ አስቀምጬ፣ ክንዷን ደግፌ ነው የማስገባት። አንድ ቀን ወገቧን ይዛ "ልጄ፣ ዛሬስ በታክሲ ልሂድ" አለችኝ። በባሏ መኪና መሄድ አቃታት። ይሄን በየትኛው ኢንች ልለካው?

ጎማው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። "ከፍ ካለች በኋላ ይሄ ጎማ አይመጥናትም" ተባልኩ። 7.50 በ16 ነበር የምትረግጠው። አውልቄ ባለ 33 ኢንች፣ ወርዱ 12.5፣ ቸርኬው 15 የሆነ የጭቃ ጎማ አስገባሁ። ቸርኬ ጭምር ገዛሁ ማለት ነው። አሁን ስሌቱን እዩልኝ። 7.50 በ16 ቁመቱ ወደ 806 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 33ቱ 838 ነው። ልዩነቱ 32 ሚሊ ሜትር። ግን አክሰሉ የሚቀመጠው ጎማው መሃል ላይ ስለሆነ ከፍ ያለው በግማሹ ነው፣ 16 ሚሊ ሜትር! ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰስኩት ለአውራ ጣቴ ወርድ ለማይሞላ ነገር ነው።

ባሌስትራውስ? ባሌስትራ ዲፈረንሻሉን፣ አክሰሉ መሃል ያለውን የማርሽ ቋት፣ ከመሬት አንድ ሚሊ ሜትር አያነሳውም። የሚያነሳው ቦዲውንና ሻንሲውን ነው። ድንጋይ የሚመታው ዲፈረንሻል ድሮ በነበረበት ነው ያለው። ዲፈረንሻሉን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። ይሄን ዕድሜ ልኩን መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ ሰው አያውቀውም? ያውቀዋል።

በዚያ ላይ የጎማው ወርድ። 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ የነበረው ከ31 በላይ ሆነ። እገዛ በሌለው መሪ ያንን ጎማ ቆሞ ማዞር ትከሻ ይገነጥላል። እስከ መጨረሻው ሲዞር ባሌስትራውን ይፍቃል። አስፋልት ላይ ይጮኻል። ቤንዚን ይበላል፣ ወረፋውንና ዋጋውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። በተረፈው ጉልበት ላይ ከባድ ጎማ ጨመርኩበት። ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ ሥራዬ ሆነ።

ጣርማበር ላይ የሆነውን አልረሳውም። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ዋሻውን አልፌ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስጀምር ፍሬኑ ሲለሰልስ ተሰማኝ። የከበሮ ፍሬን ሲግል ይደክማል፣ የታወቀ ነው። ጎማው ሲከብድና ሲተልቅ ደግሞ ያው ፍሬን የባሰ ይለፋል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ጥጌን ይዤ፣ እግዜርን እየጠራሁ ወረድኩ። እናቴ አጠገቤ ነበረች። ምንም አላለችም፣ መቀነቷን ብቻ ጨብጣ ነበር።

መንገድ ላይም ትዋዥቅ ነበር። በ70 ስሄድ መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ እሷ ግራ ቀኝ ትላለች። ጋራዥ ወሰድኳት፣ "ጎማው ሰፊ ስለሆነ ነው፣ ትለምደዋለህ" አሉኝ። ውሸት ነው። የፊቱን ባሌስትራ ከሻንሲው ጋር የሚያንጠለጥለውን ብረት ራሳቸው ሳይነግሩኝ በረጅም ቀይረውት ነበር፣ ትንሽ ከፍታ ለመጨመር። በዚህች መኪና ያ ብረት ያለው ከፊት በኩል ነው። ሲረዝም አክሰሉ ወደ ፊት ይደፋል። መሪው በራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ የምታደርገው ዝንባሌ ትጠፋለች። ድሮውንም 1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ናት። ለዚህ መድኃኒቱ ከባሌስትራው ስር የሚገባ ሽብልቅ ብረት ነው፣ ወይም ያንን ረጅም ብረት አውልቆ መጣል ነው። ደግሞ የፍሬኑን ጎማ ቱቦ አላስረዘሙትም። ክሪክ ላይ ስሰቅላት ተወጥሮ አየሁት። በሰው ሕይወት ነው የቀለዱት።

መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ባሌስትራ ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። አጎንብሰው ከስር አዩዋት። ከዚያ ቀና ብለው "ማነው የሚሳፈርባት?" አሉኝ። ሁለት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው።

"እኔና እናቴ ነን ጋሼ።"

"ጭነትስ?"

"ለበዓል በግ። አልፎ አልፎ አንድ ኩንታል ጤፍ።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ብረት ለማን ነው ልጄ?"

ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ለኩ። የድሮው ቅጠል ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር፣ የአዲሱ 7 ነው። አንድ ሚሊ ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። የባሌስትራ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይሄድም፣ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚታሰበው። ስለዚህ ከ6 ወደ 7 ሲሄድ ያው ቅጠል 60 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። አንድ ቅጠል መጨመርና ቅጠሉን ማወፈር ለየቅል ናቸው። ይሄን አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አስረዱኝ። ገንዘብም አልጠየቁኝም።

የድሮውን ባሌስትራ አምጣ አሉኝ። ደግነቱ አልጣልኩትም ነበር። ጉብጠቱን መለሱለት፣ የተሰነጠቀውን አንድ ቅጠል ቀየሩ፣ ጎሚኒዎቹን (በመጋጠሚያው ያሉትን የጎማ ቀለበቶች) በሙሉ አዲስ አደረጉ፣ በቅጠሎቹ መሃል ግራፋይት ያለው ግሪስ ቀቡ። ደክማ ከነበረችበት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አለች። ከዚያ በላይ አልፈልግም። ጎማውን 235/85 በ16 አደረግኩት። ቁመቱ ከጥንቱ 7.50 ጋር አንድ ነው። ቀጭን ነው፣ መሪው ቀለለኝ፣ ፒስታ ላይም አላሳፈረኝም።

ጎማውን ስገዛ እንኳ ሰላም አላገኘሁም። "አዲስ ነው" ብለው ያቀረቡልኝ ጎማ ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች 1615 ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ16ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ እንደ አዲስ! ሌላ ሱቅ ሄድኩ። ጎሚስታው ደግሞ ጎኑ ላይ 80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ስለሚል 60 ሞላልኝ። ያ ቁጥር እኮ ጎማው ሙሉ ጭነት ሲሸከም የሚችለው ጣሪያ ነው። ለኔ ቀላል መኪና ወደ 35 ዝቅ ሳደርገው ነው መንገዱ የለሰለሰልኝ።

ባለፈው እሁድ እናቴ ያለ በርጩማ ወጣች። እጀታውን ይዛ፣ እንደ ድሮው።

ባለ አራት ኢንቹን ባሌስትራ ሻጩ አልመልስም አለኝ። ለሽያጭ አወጣሁት። ትናንት አንድ ልጅ ደወለ። ያቺው ዓይነት መኪና አለችው፣ ከተማ ውስጥ ነው የሚነዳት። "ስንት ኪሎ ትጭናለህ?" አልኩት። "አይ፣ ለከፍታዋ ነው" አለኝ። ይሄን ሁሉ ነገርኩትና የሽማግሌውን አድራሻ ሰጠሁት። ባሌስትራው አሁንም አጥሩ ሥር አለ። ዊንች ያለው፣ በየሳምንቱ የሚጭን ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።