ጠክ ጠክ የሚለው መንገድ

ሚኒሶታ ውስጥ ወደ ሥራ የምሄድበት ሀይዌይ ኮንክሪት ነው። ጎማው በየጥቂት ሜትሩ ጠክ፣ ጠክ ይላል። አዲስ ሳለሁ መኪናዬ የተበላሸች መስሎኝ ጋራዥ ወስጃታለሁ። መካኒኩ ሳቀብኝ።

ለካ ጎማው የሚነካው ሆን ተብሎ የተቆረጠ መስመር ኖሯል። ኮንክሪት ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ብርድና ሙቀትም ያኮማትረዋል፣ ይለጥጠዋል። መሰንጠቁ ካልቀረ እኛ ባልንህ ቦታ ተሰንጠቅ ብለው በየ4 እና 5 ሜትሩ በመጋዝ ይቆርጡታል። በወግ የተሠራ ከ30 እስከ 40 ዓመት ያገለግላል። ኦሃዮ ቤልፎንቴን ከተማ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1890ዎቹ የተሞላ ጎዳና ዛሬም አለ።

ለጥምቀት ጎንደር ገባሁ። የእናቴ ሰፈር ሰው አዋጥቶ የመንደሩን መግቢያ ኮንክሪት አስሞልቷል። እኔም ድርሻዬን ልኬ ስለነበር ቡናው ሳይፈላ ሄጄ አየሁት። ዓመት ሳይሞላው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

አንድ ጎረቤታችንን ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ መኪና መቼ ወጣበት?»

«በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ገባ። በአምስተኛው ሲኖትራክ አሸዋ ይዞ መጣ።»

«ውሃስ ጠጥቷል?»

«አንድ ቀን አጠጣነው። ከዚያ የቧንቧው ውሃ ጠፋ፣ ልጄ። ፋሲል በኖራ ገንብቶ ይኸው አለ፤ እኛ በሲሚንቶ ሠርተን...»

ግንቡ ላይ ሲኖትራክ አልወጣበትም ልላቸው አልኩና ተውኩት። መንገድ ላይ የሚያርፈው ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ኮንክሪት ደግሞ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ቢያንስ ሳምንት እርጥብ ጆንያ ለብሶ መክረም አለበት።

እኔ በስልክ ሁሌ የምሰብከው «አስፋልቱን ተዉት፤ ሬንጁ በዶላር ይገባል፣ ሲሚንቶ እዚሁ አለ» እያልኩ ነበር። አሁንም ነገሩን አልጠላውም። ግን ወደ አዘዞ ስወርድ ጥቁሩ አፈር እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ አየሁት። በክረምት ደግሞ ያብጣል። እሱን ቆርጦ ሳያወጡ የሞሉበት ኮንክሪት ዕድሜው ከአስፋልቱ ብዙም አይረዝምም። ሚኒሶታም ቢሆን ለበረዶው የሚረጨው ጨው መጋጠሚያውን ይበላዋል። ጥገና ሲጀመር መንገዱ ለወራት ይጠባል፤ ያን ጊዜ የእኛን ሰው ስድብ መስማት ነው።

ልመለስ ስል የተሰበረውን ጥግ አፍርሰው ድጋሚ ሞሉት። በዚህኛው መስመር ተቆርጦበታል፣ ጆንያም ለብሷል። ጋሼ በርጩማ አውጥተው መሃል መንገድ ተቀመጡ። ባጃጅ በመጣ ቁጥር ዱላቸውን ያነሳሉ። እኔ ስሄድ ስምንተኛ ቀናቸው ነበር።